ሮም የሚቀበል ስልክ እንዴት ይመረጣል? ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«ይሄ ስልክ ሮም ይቀበላል?» የሚል መልእክት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርሰኛል። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰኝ ስልኩ ከተገዛ በኋላ ነው። ፎቶ ተያይዟል፣ ካርቶኑ ተቀዷል፣ ብሩ ተከፍሏል። «አይቀበልም» ብዬ ስመልስ በጣም ይከብደኛል። ለዚህ ነው ከግዢ በፊት የሚታየውን ሁሉ በተራ በተራው የጻፍኩላችሁ።

ሮም ስንል ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ሲስተም አውጥተን በቦታው የምንጭነው ሌላ አንድሮይድ ማለታችን ነው። መጫኑ አንድ ምሽት ይበቃዋል። መመሪያውን መስመር በመስመር ለተከተለ ሰው አይከብድም። ሰው የሚሳሳተው ገበያ ላይ ነው።

ቡትሎደር የምትለው ቃል ደጋግማ ትመጣለች፣ ከአሁኑ እንወቃት። ስልኩ ሲበራ ከሁሉም ቀድማ የምትነሳ ትንሽ ፕሮግራም ናት። እንደ በር ዘበኛ አስቧት። ሊነሳ የመጣውን ሲስተም ፊርማ ታያለች፤ የፋብሪካው ፊርማ ከሌለው አታስገባም። ሮም ለመጫን ይህ በር መከፈት አለበት። አንዳንድ ፋብሪካዎች ቁልፉን ለገዢው ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ አይሰጡም። ካልሰጡ ደግሞ የሰፈራችን ጎበዝ ቴክኒሻን እንኳ ብዙ ሊያደርግላችሁ አይችልም።

ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

- የራሳችሁ ስልክ፣ ዳታ ያለውና ሆትስፖት የሚከፍት። የምትገዙት ስልክ ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት።
- የሚሠራ ሲም ካርድ። ሁለት መስመር ካላችሁ ሁለቱንም ያዙ።
- የሲም ማውጫ መርፌ።
- ፋይል የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ኬብል። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል አለ፣ እሱ አይረባችሁም። ቤት ውስጥ ፎቶ ወደ ላፕቶፕ በመገልበጥ ቀድማችሁ ሞክሩት።
- ከተቻለ ላፕቶፕ። ካልተቻለ ለቤት ይቆይ።
- ወረቀት ላይ የተጻፈ የስልኩ ትክክለኛ ሞዴል ኮድ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሲስተሙን ምረጡ

ብዙ ሰው ስልኩን ይገዛና ከዚያ ሮም ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ በገዛችሁት ላፕቶፕ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ይጫናል። ስልክ ግን እንደዚያ አልተሠራም። ለእያንዳንዱ ሞዴል ካሜራው፣ ኔትወርኩ፣ ስክሪኑ፣ የጣት አሻራው በሚገባው ቋንቋ ሮሙ ለብቻው ይሰፋለታል። ለአንዱ የተሰፋው ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ «ምን ዓይነት ሲስተም ነው የምፈልገው?» የሚለው ጥያቄ ምርጫችሁን ከመቶ ስልክ ወደ አምስት ያወርደዋል።

በብዛት የሚጠየቁት ሦስት ናቸው።

ግራፊንኦኤስ ደኅንነትና ምስጢር ለሚያሳስበው ሰው ነው። ይህን ስጽፍ የሚደግፈው የጉግል ፒክስል ስልኮችን ብቻ ነው። የጉግል አገልግሎቶችን ከፈለጋችሁ እንደ ማንኛውም ተራ አፕ ታጥረው፣ ያለ ልዩ ሥልጣን ይጫናሉ። ይህን ከመረጣችሁ ሥራችሁ ቀለለ፤ ፒክስል ነው የምትፈልጉት፣ አለቀ።

ሊኒጅኦኤስ ፋብሪካው የረሳውን ስልክ በአዲስ አንድሮይድ ማስነሳት ለሚፈልግ ሰው ነው። የብዙ ብራንድ ስልኮችን ይደግፋል። ጉግል ፕሌይ አብሮት አይመጣም፤ ከፈለጋችሁ ሮሙን ስትጭኑ፣ ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት፣ ለብቻው ትጨምሩታላችሁ።

ኢ-ኦኤስ ከሊኒጅኦኤስ የተወለደ ነው። የጉግልን ቦታ ማይክሮጂ በሚባል ምትክ ይሞላል። ከጉግል መራቅ ፈልጎ ብዙ መነካካት ለማይወድ ሰው ይስማማል።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ቁልፎች ለዩ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሹ የሚነሱት ከዚህ ግራ መጋባት ነው።

ቴሌግራም ላይ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ኦፊሻሊ አንሎክድ» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ሻጩ አልዋሸም። ግን እሱ «አንሎክድ» ያለው ስለ ሲም ነው። በስልክ ላይ ሦስት የተለያዩ ቁልፎች አሉ፤ የአንዱ መከፈት ስለሌላው ምንም አይነግራችሁም።

የሲም ቁልፍ ስልኩን ለአንድ የኔትወርክ ኩባንያ ብቻ ያስራል። ይህ ከተከፈተ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይሠራል።

የጉግል አካውንት ቁልፍ ስልኩ ሪሴት ከተደረገ በኋላ የድሮውን ባለቤት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሌባን ለመከላከል የተሠራ ነው። ሻጩ አካውንቱን ሳያወጣ ከሸጠላችሁ እናንተ ናችሁ የምትቆለፉት።

የቡትሎደር ቁልፍ የእኛ ጉዳይ ነው። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ሰምቶትም አያውቅም። ስለዚህ እሱን አትጠይቁት፣ ራሳችሁ እዩት። አስተያየቱ ደረጃ 6 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ ብራንዱን አጣሩ

ጉግል ፒክስል። ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ ኮድ መለመን የለም፣ መጠበቅ የለም። ቡትሎደሩን ከፍታችሁ፣ ግራፊንኦኤስ ጭናችሁ፣ መልሳችሁ መቆለፍም ትችላላችሁ። አንድ ትልቅ ጉድጓድ ግን አለው። አሜሪካ ውስጥ በቬራይዘን በኩል የተሸጡ ፒክስሎች ቡትሎደራቸው አይከፈትም። ሲማቸው ተከፍቶም ቢሆን አይከፈትም። በሌሎች የአሜሪካ ኔትወርኮች የተሸጡት ደግሞ መጀመሪያ የሲም ቁልፋቸው በኩባንያው መነሳት አለበት።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ፒክስል አብዛኛው በሰው እጅ የሚመጣ ነው። ከዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ይህችን መልእክት ገልብጣችሁ ላኩ፦ «አክስቴ፣ ስልኩን ከኔትወርክ ኩባንያ ሱቅ እንዳትገዢልኝ። ከጉግል ሱቅ፣ ከየትኛውም ኔትወርክ ጋር ያልታሰረውን ግዢልኝ። ከመምጣትሽ በፊት አንድ ነገር እንድታዪልኝ ደግሞ ቪዲዮ ልኬልሻለሁ።» ቪዲዮው ላይ የምታሳዩአት ደረጃ 6 ላይ ያለውን የኦኢኤም ማብሪያ ነው፤ ቡትሎደሩ እንዲከፈት የሚፈቅደው እሱ ነው። ስልኩ ሻንጣ ከገባ በኋላ መመለስ የለም።

ሳምሰንግ። የአሜሪካዎቹ ዋና ዋና ጋላክሲዎች፣ ሞዴላቸው በ«ዩ» ወይም በ«ዩ1» የሚያልቁት፣ አይከፈቱም። ዋን ዩአይ 8 ከሚባለው የሳምሰንግ ሲስተም ጋር በወጡ አዳዲስ ጋላክሲዎች ላይ ደግሞ የመክፈቻው አማራጭ ጭራሽ የለም። የሚከፈቱት ወደ ዋን ዩአይ 8 ያልታደሱ የቀድሞዎቹ የዓለም አቀፍ ሞዴሎች ናቸው። እነሱም ላይ ዋጋ አለው፤ ሮም ስትጭኑ ኖክስ የሚባል የደኅንነት ፊውዝ ይቃጠላል። የተቃጠለ አይመለስም። የፋብሪካውን ሲስተም መልሳችሁ ብትጭኑ እንኳ ሴኪዩር ፎልደርና ሳምሰንግ ፔይ ከዚያ በኋላ አይሠሩም።

ሻዎሚ፣ ሬድሚ፣ ፖኮ። በዋጋም በሮም ብዛትም ጥሩ ናቸው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃሉ። ስልኩን ከሻዎሚ አካውንታችሁ ጋር አስራችሁ አብዛኛውን ጊዜ 168 ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ ሳምንት ትጠብቃላችሁ። ሃይፐርኦኤስ የሚባለውን አዲሱን የሻዎሚ ሲስተም የጫኑት ላይ ደግሞ መጀመሪያ በሻዎሚ ኮሚዩኒቲ አፕ ፈቃድ መጠየቅ አለ። አካውንታችሁ ከ30 ቀን በላይ የቆየ መሆን አለበት። የፈቃዱ የየቀኑ ኮታ የሚታደሰው በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት። ኮታው ቶሎ ያልቃል፣ በሰዓቱ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። የሻዎሚ አካውንታችሁን ዛሬውኑ ክፈቱ፤ ስልኩን እስክትገዙ ዕድሜው ይሞላል።

ዋንፕላስ፣ ሞቶሮላ፣ ሶኒ። ዋንፕላስ ከኔትወርክ ኩባንያ ካልተገዛ በቀላሉ ይከፈታል። በአሜሪካ ቲ-ሞባይል የተሸጠው ግን የሲም ቁልፉ ከተነሳ በኋላ ከፋብሪካው ልዩ የመክፈቻ ፋይል ይፈልጋል። ሞቶሮላና ሶኒ በድረ ገጻቸው የመክፈቻ ኮድ ይሰጣሉ፣ ለሁሉም ሞዴል ግን አይደለም። ሶኒ ኤክስፔሪያ ላይ በመደወያው *#*#7378423#*#* ብላችሁ የሰርቪስ መረጃውን ክፈቱ። ስለ ቡትሎደር መክፈት በሚናገረው መስመር «የስ» ካለ ይከፈታል፣ «ኖ» ካለ አልቋል።

ፌርፎን። አውሮፓ ላላችሁ ጥሩ ምርጫ ነው። ኢ-ኦኤስ ተጭኖበትም ይሸጣል፣ ባትሪውም በቀላሉ ይቀየራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል። እዚህ አገር በብዙ ሰው እጅ ያሉት እነዚህ ስለሆኑ ብዙ እጠየቃለሁ። የአንዳንዶቹ ቡትሎደር ይከፈታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ የሰፋላቸው ሰው የለም። በሊኒጅኦኤስ ይፋዊ ዝርዝር ላይ አታገኟቸውም ማለት ይቻላል። ጂኤስአይ የሚባል ለብዙ ስልክ እንዲሆን የተዘጋጀ ሮም አንዳንዴ ይነሳባቸዋል፤ ካሜራው ወይም አሻራው ግን ሊቀር ይችላል። እጃችሁ ላይ ያለ ትርፍ ስልክ ከሆነ ለመማሪያ ሞክሩት። ለሮም ብላችሁ ግን አዲስ አትግዙ።

ሁዋዌ። ከ2018 ጀምሮ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። እለፉት።

ደረጃ 4፦ ስሙን ትታችሁ ኮዱን ፈልጉ

«ኤስ10» ብሎ ነገር የለም። ሳምሰንግ ጂ973ኤፍ አለ፣ ጂ973ዩ አለ። ሁለቱም ሱቅ መስኮት ላይ «ኤስ10» ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በመልክ መንታ ናቸው። ኤፍ ላይ የሳምሰንግ ኤክሲኖስ ፕሮሰሰር አለ፣ ቡትሎደሩ ይከፈታል፣ ሊኒጅኦኤስ ይደግፈዋል። ዩ ላይ ስናፕድራገን ነው፣ ቡትሎደሩ ዝግ ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤፍ» የሚል አይቼ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሴቲንግ ውስጥ ስገባ «ዩ» ይላል። ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነበር። ሻጩ ዘንድ ስመለስ «ያው ኤስ10 ነው እኮ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቶን አላነብም።

ሬድሚ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሬድሚ ኖት 10፣ 10 ፕሮ፣ 10ኤስ እና 10 ፋይቭ ጂ አራት የተለያዩ ስልኮች ናቸው። የሮም ሠሪዎች በውስጥ ስማቸው ነው የሚጠሯቸው፦ በተራቸው ሞጂቶ፣ ስዊት፣ ሮዝሜሪ፣ ካሜሊያ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፕሮሰሰራቸው ስናፕድራገን ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሚዲያቴክ። የስዊትን ሮም ሮዝሜሪ ላይ ብትጭኑ ስልኩ ላይነሳ ይችላል።

የምታደርጉት ይህን ነው፦

1. የመረጣችሁት ሮም ድረ ገጽ ላይ የሚደገፉ ስልኮችን ዝርዝር ክፈቱ።
2. የምትፈልጉትን ስልክ ገጽ ክፈቱና የውስጥ ስሙንና የሚደገፉትን ሞዴል ኮዶች ወረቀት ላይ ጻፉ።
3. ከሥር የተጻፉ ማስጠንቀቂያዎችን አንብቡ። «ይህ ሞዴል አይሠራም» የሚሉት እዚያ ናቸው።
4. የማውረጃ ገጹን ክፈቱና የመጨረሻው ፋይል የወጣበትን ቀን እዩ። የሊኒጅኦኤስ ይፋዊ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ በየሳምንቱ ይወጣሉ። የመጨረሻው የወራት ዕድሜ ካለው ያንን ስልክ የሚንከባከበው ሰው ትቶታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ስናፕድራገን ወይስ ሚዲያቴክ የሚለው ለምን አስፈለገ? ሮም ሠሪው የስልኩን ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያሠራውን የሲስተም እምብርት፣ ምንጭ ኮድ ማግኘት አለበት። ለስናፕድራገን ይህ በብዛት ይገኛል፤ ለሚዲያቴክ ስልኮች ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው ወይም አይወጣም። ሁለት ስልክ አማርጣችሁ በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑባችሁ ስናፕድራገኑን ውሰዱ።

ደረጃ 5፦ ስንት ዓመት እንደቀረው ቁጠሩ

ሮም ሁሉንም ነገር አያድስም። የኔትወርኩ ቺፕና የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ሶፍትዌር ከፋብሪካው ብቻ ነው የሚመጣው። ፋብሪካው ሲያቆም ያ ክፍል ባለበት ይቀራል። ግራፊንኦኤስም ለዚህ ነው ጉግል ድጋፍ ካቆመበት ስልክ ላይ የሚወርደው።

ለፒክስል ቀኖቹ ይታወቃሉ። ፒክስል 6 እስከ ጥቅምት 2026 እ.ኤ.አ.፣ 6ኤ እስከ ሐምሌ 2027፣ ፒክስል 7 እስከ ጥቅምት 2027፣ 7ኤ እስከ ግንቦት 2028። ከፒክስል 8 ጀምሮ 7 ዓመት ሆኗል፦ ፒክስል 8 እስከ ጥቅምት 2030፣ 8ኤ እስከ ግንቦት 2031።

እዚህ ላይ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ አቅማችሁ ከፈቀደ 8ኤ ግዙ። ርካሽ ነው ብላችሁ ፒክስል 6 ከገዛችሁ የቀረው ዕድሜ በጣም አጭር ነው።

6ኤን ለሚያስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ባትሪው ብዙ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አንዳንዱ ከልክ በላይ ስለሚሞቅ ጉግል በ2025 ከ400 ዙር በኋላ የባትሪውን አቅም የሚቀንስ ማሻሻያ ለቋል። ሮም ብትጭኑም ባትሪው ያው ባትሪ ነው። ያገለገለ 6ኤ የምትገዙ ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ብር አብራችሁ አስቡ።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ላይ የሚደረገው ፍተሻ

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ትሕትና ሳይጎድላችሁ «ወንድሜ፣ አንዴ ልየው» በሉና ቀጥሉ።

1. ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ሲነሳ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ማስጠንቀቂያ ካሳየ ስልኩ ተነክቷል። ብርቱካናማው ቡትሎደሩ ክፍት ነው ማለት ነው፣ ቢጫው ሌላ ሲስተም ተጭኖ ተቆልፏል ማለት ነው። ለእኛ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ግን ማን ምን እንደጫነበት ስለማይታወቅ ቤት ስትደርሱ ከዜሮ መጫን ግዴታ ነው።

2. መደወያው ላይ *#06# በሉ። የሚመጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) ሴቲንግ ላይ አባውት ፎን ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ስልኩን አስቀምጣችሁ ውጡ።

3. ሲማችሁን አስገቡ። ደውሉ፣ ይደወልላችሁ፣ ዳታ ክፈቱ።

4. ከሆትስፖታችሁ ጋር አገናኙት። ይህን አትዝለሉት። ፒክስል ላይ የኦኢኤም ማብሪያ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ ደብዝዞ ሊቆይ ይችላል። ኢንተርኔት ሳታገናኙ ካያችሁት ደህናውን ስልክ «የማይከፈት ነው» ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

5. ሴቲንግ፣ ከዚያ አባውት ፎን ግቡ። የሞዴሉን ኮድ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ፊደል በፊደል።

6. እዚያው ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ። «ዴቨሎፐር ሆነሃል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ሻዎሚ ላይ የሚነካው የሲስተሙ ስሪት መስመር ነው።

7. ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚለውን ፈልጉ። አሁን ስክሪኑ ራሱ ይነግራችኋል፦
- ማብሪያው ከበራ፣ ፒክስል ላይ ጨርሳችኋል። ሻዎሚ ላይ ግን ይህ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ፈቃዱና ጥበቃው ገና አለ።
- ደብዝዞ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ኢንተርኔት መኖሩን አረጋግጡ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ስልኩ የኔትወርክ ኩባንያ ስልክ ሳይሆን አይቀርም። አትግዙት።
- ጭራሽ ከሌለ፣ አሜሪካዊ ወይም ዋን ዩአይ 8 ያለው ሳምሰንግ ላይ የምታዩት ይሄንን ነው። አትግዙት።

8. ኬብላችሁን ላፕቶፕ ላይ ሰኩና ፋይል ማስተላለፍ መቻሉን እዩ። ኬብሉ ሲነካ የሚቆራረጥ ከሆነ ሮም ሲጫን መሀል ላይ ሊቋረጥባችሁ ነው።

9. ሻጩ የጉግል አካውንቱን በራሱ እጅ ያውጣ። ከዚያ እዚያው ፊታችሁ ከሴቲንግ ውስጥ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት። ተነስቶ የማንንም ኢሜይል ሳይጠይቅ ዋናው ስክሪን ላይ ሲደርስ ነው ብር የሚከፈለው።

ፓክድ ከሆነስ? ሻጩ ፕላስቲኩን አያስቀድድም፣ መብቱ ነው። ደረሰኙ ላይ «ኦኢኤም አንሎኪንግ ካልበራ ይመለሳል» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ደረጃ 7፦ ምን እንደምታጡ ቀድማችሁ እወቁ

የባንክ አፖች ትልቁ ጉዳይ ናቸው። ብዙዎቹ ስልኩ በጉግል የተመሰከረለት ሲስተም እንዳለው ይጠይቃሉ። ሮም ያለበት ስልክ ይህን ፈተና በከፊል ወይም በሙሉ ይወድቃል። ቡትሎደሩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የምትጠቀሙባቸውን የገንዘብ አፖች ዝርዝር አውጡና ያንኑ ሮም የሚጠቀም ሰው ጠይቁ። ደመወዛችሁ የሚገባበት አፕ ካልሠራ የድሮ ስልካችሁን ለዚያ ብቻ አስቀምጡት።

ካሜራ ሁለተኛው ነው። ሳምሰንግና ሻዎሚ ላይ የፋብሪካው ካሜራ አፕ አብሮ ይሄዳል፣ የፎቶው ጥራት ይወርዳል። ፒክስል ላይ የጉግልን ካሜራ አፕ ግራፊንኦኤስ ላይም መጫን ይቻላል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኔትወርክ በ2022 ስለተዘጋ የድምፅ ጥሪ የሚሄደው በፎር ጂ በኩል ነው። ሮሙ ይህን በእናንተ ኔትወርክ ላይ ካልደገፈ ዳታ እየሠራ ስልክ መደወል ያቅታችኋል። የስልኩ ገጽ ላይ ይህን ፈልጉ።

አማርኛ ማንበብ ችግር የለውም፣ የግዕዝ ፊደል ከአንድሮይድ ጋር ይመጣል። መጻፍ ላይ ግን ሮሙ ይዞት የሚመጣው ኪቦርድ አማርኛ ላይኖረው ይችላል። የጉግልን ኪቦርድ፣ ጂቦርድን፣ ጭናችሁ ኢንተርኔት መከልከል ትችላላችሁ፤ ግራፊንኦኤስ ላይ ይህ ለእያንዳንዱ አፕ አንድ ማብሪያ ነው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ምሽት

ስልኩን እንደገዛችሁ ሮም አትጫኑ። በፋብሪካው ሲስተም አንድ ሁለት ቀን ተጠቀሙበት። ማይክ፣ ሁለቱም ካሜራ፣ አሻራ፣ ጂፒኤስ፣ ስፒከር፣ ሁሉንም ሞክሩ። ሮም ከጫናችሁ በኋላ ማይኩ ባይሠራ ጥፋቱ የስልኩ ይሁን የሮሙ መለየት አትችሉም። ሻጩም አይቀበላችሁም።

ከዚያ የፋብሪካውን ሲስተም የሮሙ መመሪያ እስከሚፈልገው ስሪት አድሱት። ሮሙን ቀድማችሁ አውርዱ፤ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሚሆን ፓኬጃችሁን አስቡበት። ላፕቶፑም ስልኩም ባትሪያቸው ሙሉ ይሁን። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ ላፕቶፑ እንዳይጠፋ ማለቴ ነው። ግራፊንኦኤስ ከክሮም ብራውዘር በኬብል ብቻ፣ ቁልፍ እየተጫናችሁ ይጫናል። ለሌሎቹ የዚያን ሞዴል መመሪያ ከመጀመራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶ፣ ቁጥር፣ ቻት፣ ምንም አይቀርም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ስልካችሁን የሰረቀ ሰው ቡትሎደር ከፍቶ ፋይላችሁን እንዳያይ የተደረገ ነው። ያገለገለ ስልክ ላይ ብዙ ያስቀመጣችሁት ካለ ቀድማችሁ ገልብጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሊኒጅኦኤስ ከጫናችሁ በኋላ ቡትሎደሩን መልሳችሁ አትቆልፉ። ዘበኛዋ የማታውቀውን ፊርማ ታይና በሩን ትዘጋለች፣ ስልኩ ዴድ ሊሆን ይችላል። መልሶ መቆለፍ የሚደረገው ሮሙ የራሱን ፊርማ በቡትሎደሩ ላይ ካስመዘገበና መመሪያው «ቆልፉ» ካለ ብቻ ነው። ግራፊንኦኤስ ላይ መቆለፍ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ጥበቃው የሚሞላው ያኔ ነው።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

- «ሩት» እና ሮምን አንድ ማድረግ። ሩት ማለት ለአፖች የሲስተሙን ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው። ሮም ለመጫን ሩት አያስፈልግም፤ የባንክ አፕ ችግርንም ያባብሳል።

- «ፒክስል 6 ላይ ወደ አንድሮይድ 12 እመለሳለሁ» ማለት። ፒክስል 6፣ 6 ፕሮ እና 6ኤ አንድሮይድ 13 ከገባባቸው በኋላ ቡትሎደሩ ወደ ኋላ አይመለስም። የድሮ የዩቲዩብ ቪዲዮ ተከትሎ የድሮ ስሪት መጫን ስልክ ይገድላል።

- ይፋዊ ያልሆነ ሮም ከማይታወቅ ቻናል ማውረድ። ሙሉ ስልካችሁን ነው ለማታውቁት ሰው የምትሰጡት። ከሮሙ የራሱ ድረ ገጽ አውርዱ።

- በክፍያ «የማይከፈተውን እከፍታለሁ» የሚልን ማመን። የሲም ቁልፍ ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል። የቬራይዘን ፒክስል ወይም የአሜሪካ ጋላክሲ ቡትሎደር ከሆነ ብራችሁን አትክፈሉ።

- የስልኩን ኮድ ሳይልኩ መጠየቅ። «ሳምሰንግ ነው፣ ይቀበላል?» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት አልችልም። አባውት ፎን ውስጥ ያለውን የሞዴል ኮድና የኦኢኤም ማብሪያውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።